ከመኪናው በፊት ዕቃው

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ በአዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ የመጀመሪያ መኪናዋን ልትገዛ ገንዘቧን አዘጋጅታለች። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ መካኒክና የቤተሰቧ የቅርብ ጎረቤት ናቸው።

ገዢዋ፦ ጋሼ፣ ሁለት መኪና ቀርቦልኛል። አንዱ ቪትዝ ነው፤ ባለ 1 ሺህ ሲሲው፣ የመጀመሪያው ቅርፅ። ሌላው ጎልፍ 4 ነው። ጎልፉ ከቪትዙ በ250 ሺህ ብር ይቀንሳል። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙ አልተነካም፣ ሲነዱትም መሬት ይይዛል። ደላላው «ይህን ትቶ ቪትዝ የሚገዛ ሰው አላየሁም» ይለኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል?

መካኒኩ፦ መኪኖቹን በዓይኔ ሳላይ አንዱን ከአንዱ አላስበልጥም። እስቲ እኔ ልጠይቅሽ፤ የጎልፉ የፊት ፍሬን ሸራ ስንት ነው?

ገዢዋ፦ አላውቅም።

መካኒኩ፦ የቪትዙስ?

ገዢዋ፦ እሱንም አልጠየቅኩም። መኪናው ገና የእኔ ሳይሆን ዕቃውን ልጠይቅ?

መካኒኩ፦ አዎ፣ የሚጠየቀው ያኔ ነው። የአንቺ ከሆነ በኋላማ የተባልሽውን ትከፍያለሽ፤ ምርጫ ያለሽ ዛሬ ነው። ስንት ሰው አይቻለሁ መሰለሽ፣ ከባለቤቱ ጋር 5 ሺህ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ሲከራከር ይውልና ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለዕቃ ሻጩ፣ ለመካኒኩና ለጎሚስታው የሚከፍለውን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ ቁልፉን ይረከባል። በሦስተኛው ወር ጋራዥ ይመጣና የዕቃውን ዋጋ ስትነግሪው ፊቱ ይለወጣል። ያን ፊት ማየት ስለሰለቸኝ ነው የማጠብቅብሽ።

ገዢዋ፦ ይሁን፣ ግን በቁጥር እንነጋገር። 250 ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። የጎልፉ ዕቃ ውድ ቢሆን እንኳ በዚህ ገንዘብ ስንት ጊዜ ይገዛል! ልዩነቱን ባንክ አስቀምጬ በተበላሸ ቁጥር ከዚያ ባወጣስ?

መካኒኩ፦ መልካም አስበሻል። ታዲያ ያንን 250 ሺህ ማን የቀነሰው ይመስልሻል?

ገዢዋ፦ ባለቤቱ ቸኩሎ ይሆናል።

መካኒኩ፦ ባለቤቱ ብቻውን አይቀንስም። ይህን መኪና ከአንቺ በፊት ብዙ ሰው አይቶታል። ንጹሕነቱንም መሬት መያዙንም አይተዋል። ሳይገዙት የሄዱት ዕቃ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ስለሚያውቁ ነው። የቪትዙም ዋጋ እንደዚሁ ነው። ዕድሜው 20 ዓመት ያለፈ ትንሽ መኪና ለብረቱ ብቻ ቢሆን ያን ያህል ባላወጣ ነበር። የምትከፍይው በየሰፈሩ ለሚያውቀው መካኒክና በየሱቁ ለተደረደረው ዕቃውም ጭምር ነው።

ገዢዋ፦ እንግዲያውስ ገበያው አስልቶ ከጨረሰ እኔ ምን ቀረኝ? ቪትዙ ላይ ቀድሜ እከፍላለሁ፣ ጎልፉ ላይ ቆይቼ እከፍላለሁ። ድምሩ አንድ ከሆነ የወደድኩትን ልግዛ።

መካኒኩ፦ ድምሩ የሚቀራረበው ለመካከለኛ ነጂ ነው። አንቺ መካከለኛ መሆንሽን በምን አወቅሽ? በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚነዳ፣ ቤቱ ሌላ መኪና ያለው፣ ወይም ጀርመን አገር ወንድም ኖሮት ዕቃ በሻንጣ የሚያስመጣ ሰው ጎልፉን ገዝቶ በደንብ ሊጠቀም ይችላል። እንዲህ ያሉ ደንበኞች ነበሩኝ፤ መኪናቸውን ወደው ነድተውታል። በመኪናው ቀኑን ሙሉ ሰው እያመላለሰ የሚያድር ሰው ግን መኪናው አንድ ሳምንት ቆመ ማለት የሳምንቱ እንጀራው ቆመ ማለት ነው። ገበያው የአንቺን አነዳድ አያውቀውም። በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄጃለሽ?

ገዢዋ፦ ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ልበለው። በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢሆን 7 ሺህ 500። ቅዳሜና እሑዱ፣ ለቅሶውና ሠርጉ ሲጨመር 10 ሺህ ይሞላል።

መካኒኩ፦ ስንት ዓመት ልትይዢው ነው ያሰብሽው?

ገዢዋ፦ ቢያንስ ሦስት ዓመት።

መካኒኩ፦ እንግዲህ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። በአዲስ አበባ መጨናነቅ፣ በአቧራውና በዳገቱ፣ ተራ የሞተር ዘይት ከሆነ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሚቀየረው። ስለዚህ ስድስት ጊዜ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ትቀይሪያለሽ። የፍሬን ሸራ እንደ እግርሽ ነው፤ አንድ ጊዜ ግን አይቀርልሽም። ጎማም አንድ ዙር ያዢ። የጎማውን ልክ አይተሻል?

ገዢዋ፦ ጎማ ሁሉ ጎማ አይደለም እንዴ?

መካኒኩ፦ አይደለም። ጎኑ ላይ ተጽፏል። የዚያ ዘመን ቪትዝ ብዙ ጊዜ 155/80 ባለ 13 ወይም 175/65 ባለ 14 ነው። ጎልፍ 4 ላይ 195/65 ባለ 15 ታገኛለሽ። ቸርኬው በሰፋ ቁጥር የጎማው ዋጋ ይወጣል፤ አራት ስለሆነ ደግሞ ልዩነቱ በአራት ይባዛል። ባለቤቱ ለመልክ ብሎ ትልቅ ቸርኬ ካስገባበት እሱንም አይተሽ አስቢ። ይህን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግሽም፤ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ይበቃል።

ገዢዋ፦ እንግሊዝ አገር መድን ሰጪዎች መኪናን ከ1 እስከ 50 በምድብ ሲከፍሉ ለብዙ ዓመታት ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ የ23 የተለመዱ መለዋወጫዎች ዋጋ ድምር እንደነበረ አንብቤአለሁ። እኔም እንደዚያ ዝርዝር ልሥራ?

መካኒኩ፦ ደግ ሥራ ነው። ግን 23ቱን ይዘሽ ሱቅ ለሱቅ ብትዞሪ አምስተኛው ላይ ያባርሩሻል። ስምንት ይበቃሻል። ጻፊ፦ የዘይት ፊልትሮ፣ የፊት ፍሬን ሸራ፣ የፊት ሾክ አብዞርበር፣ ቦል ጆይንት፣ ሙሉ ፍሪሲዮን፣ የታይሚንግ ቺንጋ ከነመወጠሪያው፣ ራዲያተር፣ የፊት መብራት።

ገዢዋ፦ ለምን እነዚህን መረጡ?

መካኒኩ፦ ፊልትሮና ሸራ በኪሎ ሜትር የሚመጡ ናቸው፤ አይቀሩም። ሾክና ቦል ጆይንት መንገዳችን የሚበላቸው ናቸው፤ የአንቺ ሰፈር የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን አይደለም? ፍሪሲዮን በዳገትና በመጨናነቅ ያልቃል። ራዲያተር ሳትዘጋጂ መንገድ ላይ የሚያቆምሽ ነው። የፊት መብራቱን ያስጻፍኩሽ አንቺ ባትጋጪ ሌላው ስለሚጋጭሽ ነው። ርካሽ መኪና ገዝቶ አንድ መብራት ፍለጋ ሁለት ወር በአንድ ዓይን የነዳ ሰው አውቃለሁ።

ገዢዋ፦ ቺንጋውን ዘለሉት።

መካኒኩ፦ አልዘለልኩትም፤ ሰፋ አድርጌ ላወራሽ ፈልጌ ነው። ሞተር ውስጥ የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማ ነገር አለ። አንዳንዱ ሞተር በካቴና ይሠራል፣ አንዳንዱ በጎማ ቺንጋ። የአንቺ ቪትዝ ባለ 1 ሺህ ሲሲው በካቴና ነው። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ካቴናው ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ ለቪትዙ ያቺ መስመር ባዶ ትቀራለች። ጎልፉ በቺንጋ ነው። ባለ 1.4ቱ፣ ባለ 16 ቫልቩ ሞተር ከሆነ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ቺንጋ አለው። ቺንጋ በብዙ መኪና ከ90 እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል። ባይነዳም በዕድሜ ይደርቃል።

ገዢዋ፦ ሻጩ በቅርብ ተቀይሯል ካለኝስ?

መካኒኩ፦ ደረሰኝ ወይም የተጻፈ ነገር ካለው አየዋለሁ። ከሌለው እንዳልተቀየረ ቆጥረሽ ዋጋውን ከመግዣው ላይ ደምሪ። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ የመኪናውን ስም አልጠራም። ሲገዛ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ አልጠየቀም፤ ከገዛ በኋላ ዕቃው ከነመወጠሪያው ኩሽኔታና ከነውሃ ፓምፑ ሲደመር ከብዶት ለሚቀጥለው ወር፣ ለሚቀጥለው ወር እያለ አቆየው። ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ተበጠሰ። በክሬን አመጡት። ቴስታታውን ስናወርደው የፒስተኖቹ አናት ላይ ጥፍር የሚያህል የጨረቃ ቅርፅ ታትሞ ነበር። ቫልቮቹ ወርደው የመቱበት ነው። ቫልቮቹ ሁሉ ተጣመዋል፣ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄደ። ቺንጋውን ቢቀይረው ኖሮ ያወጣው የነበረው ከከፈለው ጋር አይገናኝም። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ገንዘቡን መኪናው ላይ ጨርሶ ለዕቃው የሚሆን አላስቀረም።

ገዢዋ፦ ማለትም ያለኝን በሙሉ መግዣው ላይ ማውጣት የለብኝም።

መካኒኩ፦ በፍጹም የለብሽም። አሮጌ መኪና ሲገዛ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውድ ናቸው። የቀድሞው ባለቤት ሊሸጠው ካሰበ ጊዜ ጀምሮ ያልቀየረው ሁሉ አንቺ ላይ ይወድቃል። ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ ካንዴላው፣ ሸራው፣ ባትሪው። ክረምት ከሆነ መጥረጊያውም አለ።

ገዢዋ፦ ዋጋ ልጠይቅ ብል ከየት ልጀምር? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጎልፍ አላት፤ ፍሪሲዮን ያስገባችበትን ዋጋ ነግራኛለች።

መካኒኩ፦ መቼ ነው ያስገባችው?

ገዢዋ፦ በ2015።

መካኒኩ፦ እሱን እርሺው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የድሮ ዋጋ አይሠራም። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ዕቃው ደግሞ የሚገባው በዶላር ነው። ሰው በአሮጌ ትዝታ «ፍሪሲዮን እኮ ይህን ያህል ነው» ሲልሽ አትመኚ። ራስሽ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ሂጂ። ከመሄድሽ በፊት ግን የሁለቱንም መኪና ሻንሲ ቁጥር ያዢ።

ገዢዋ፦ ስሙንና የተሠራበትን ዓመት ብናገር አይበቃም?

መካኒኩ፦ «ቪትዝ» ስትይ ሱቁ «የቱ ቪትዝ?» ይልሻል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ቪትዝ መሪው በቀኝ ነበር፤ እዚህ የምታይው ተገልብጦ ነው። ለአውሮፓ የተሠራው ስሙ ያሪስ ነው። እኛ ቪትዝ እንለዋለን እንጂ መሪው ከመነሻውም በግራ ነው። ከፈረንጆቹ 2001 ጀምሮ ያሪስ ፈረንሳይ ውስጥ ቫለንሲየን በተባለች ከተማ አጠገብ ይሠራ ነበር፤ የዚያኛው ሻንሲ ቁጥር በቪ-ኤን-ኬ ይጀምራል። ጃፓን ተሠርቶ ለአውሮፓ የተላከው በጄ ይጀምራል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን ባለ 17 ሆሄውን ቁጥር አይዝም፤ አጠር ያለ የፍሬም ቁጥር ነው ያለው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ሞተራቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዕቃቸው ግን አይገጥምም። መሪው የተገለበጠ ከሆነማ ከመሪው ስር ያለው ዕቃ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ስለሚችል እሱን እኔ ገብቼ ካላየሁት አትግዢው።

ገዢዋ፦ እሺ። ሱቅ ገባሁ፣ ቁጥሩን ሰጠሁ፣ ዋጋ ነገሩኝ። አንዱ ሱቅ የሌላውን እጥፍ ቢለኝ የቱን ልመን?

መካኒኩ፦ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። አንዱ ኦሪጅናል ሰጥቶሽ፣ ሌላው ኮፒ ሰጥቶሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከፈረሰ መኪና የወጣ ያገለገለ ሰጥቶሽ ነው። የቪትዝን ኮፒ ከጎልፍ ኦሪጅናል ጋር ካወዳደርሽ ሂሳብሽ ከመነሻው ይበላሻል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ደረጃ ጠይቂ። ካርቶኑን አሳዩኝ በይና ቁጥሩን ቅጂ። ቪትዙ ቶዮታ ነው፤ የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አሥር ሆሄ ነው፤ አምስት፣ ሰረዝ፣ አምስት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። 04465 ከሆነ የፊት ፍሬን ሸራ ነው። 48510 የፊት ሾክ፣ 17801 የአየር ፊልትሮ፣ 90915 የዘይት ፊልትሮ። ከሰረዙ በኋላ ያለው ለየትኛው መኪና እንደሆነ ይለያል። ይህን ቁጥር ይዘሽ ሁለተኛው ሱቅ ስትገቢ ስለ አንድ ዕቃ መነጋገራችሁን እርግጠኛ ትሆኛለሽ።

ገዢዋ፦ ኦሪጅናል ካልሆነ አትግዢ ይሉኛል ማለት ነው?

መካኒኩ፦ እንደዚያ አላልኩም። ለፋብሪካው ዕቃ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ያንኑ ዓይነት ዕቃ በራሳቸው ካርቶን ይሸጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ይረክሳል። ለቶዮታ ዴንሶ፣ አይሲን፣ ካያባ አሉ፤ ለጀርመኖቹ ቦሽ፣ ሳክስ አሉ። በእነሱም ስም አስመስሎ የሚሠራ ስላለ ከምታውቂው ሱቅ ግዢ። ያገለገለ ዕቃም ቦታ አለው። በር፣ ኮፋኖ፣ ስፖኪዮ፣ የፊት መብራት ያገለገለ ቢሆን ምን ችግር አለው? ፍሬንና መሪ ላይ ግን ያገለገለም አስመስሎ የተሠራም አላስገባም። ደንበኛ ሲለምነኝ እንኳ እምቢ ብዬ መልሼ አውቃለሁ። ልጆቹን ጭኖ ነው የሚሄደው።

ገዢዋ፦ ስለዚህ የስምንቱን ዋጋ ጽፌ ደምሬ አነጻጽራለሁ።

መካኒኩ፦ ከዋጋው ጎን ሌላ መስመር አስምሪ። ከጠየቅሻቸው ሱቆች ስንቱ ዕቃው በእጁ አለ? ለእኔ ይህ ከዋጋው ይበልጣል። አምስት ሱቅ ጠይቀሽ አራቱ ከመደርደሪያ አውርደው ካሳዩሽ፣ ነገም ዋጋው በውድድር ነው የሚኖረው። አንዱ ብቻ ካለው ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው። «ቆይ ልደውል» ካለሽ በእጁ የለም ማለት ነው። «ከዱባይ አስመጣልሻለሁ» ካለሽ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቂና ጻፊው።

ገዢዋ፦ ቀኑን በብር እንዴት ልመንዝረው?

መካኒኩ፦ መኪናው ቢቆም ሥራ እንዴት ትሄጃለሽ?

ገዢዋ፦ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ስለማደርስ ታክሲ ሰልፍ አያዋጣኝም፤ ሜትር ታክሲ እጠራለሁ። ማታም እንዲሁ።

መካኒኩ፦ የደርሶ መልሱን ሂሳብ በቀኑ አባዢው። አንድ ዕቃ 20 ቀን የሚያስጠብቅ ከሆነ የዕቃው ዋጋ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። ከዚያ በላይ ጋራዥ ውስጥ ተፈታትቶ የሚቆም መኪና ብዙ ነገሩ ይጎዳል። ባትሪው ይሞታል፣ ትንንሽ ብሎን ይጠፋል፣ ቦታ ሲያጨናንቅ ይገፋል፣ ይጫራል። ባለቤቱ ደግሞ በየቀኑ ይደውላል።

ገዢዋ፦ የእጅ ዋጋውስ?

መካኒኩ፦ እሱን መካኒክ ጠይቂ፤ በሰዓት ሳይሆን በሥራው። «የዚህን መኪና ፍሪሲዮን ለመቀየር ምን ምን ይወርዳል?» በይ። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ መውረዱ የታወቀ ነው። ካምቢዮው እንዲወጣ ግን አንዱ መኪና ላይ ጥቂት ነገር ይፈታል፣ ሌላው ላይ የፊት እግሩን የተሸከመው ብረት ሁሉ ይወርዳል። አምፖል ለመቀየር ባትሪ የሚወርድበት መኪና አለ። ሰፈርሽ ያለ መካኒክ መኪናውን ካላወቀው ደግሞ የሚማረው በአንቺ መኪና ላይ ነው።

ገዢዋ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላንሣ። ሁለቱንም ትቼ ወደ ኤሌክትሪክ ብሄድስ? በጥር 2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደዚያ ነው። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጋ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ከስምንቱ ሦስቱ ይሰረዛሉ።

መካኒኩ፦ እውነትሽን ነው፣ ይሰረዛሉ። ሸራውም ይቆያል፤ እግርሽን ስታነሺ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይዞ ወደ ባትሪ ስለሚመልሰው። እኔ ኤሌክትሪክን የምጠላ ሽማግሌ አይደለሁም። ግን ለእሱም ዝርዝር ይሠራለታል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማ ይበላል። ኤሌክትሪኩን አይዲ 4 ብትመለከቺ የፊት ጎማው 235 ነው፣ የኋላው 255። ፊትና ኋላ ስለማይተካካ እያቀያየርሽ ዕድሜውን ማራዘም አትችዪም፣ ልኩም ብዙ ጊዜ ባለ 19 ነው። ከባዱ ጥያቄ ግን ዋስትናው ነው። ፋብሪካዎቹ ለባትሪው ብዙ ጊዜ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ያ ዋስትና እዚህ አገር የሚሠራው አምጪው የፋብሪካው ወኪል ከሆነ ነው። አንድ ነጋዴ ከቻይና ገዝቶ በራሱ ያስገባው ከሆነ ዋስትናውን ማን ይቀበላል? አይዲ 6ን ብንወስድ የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። አውሮፓ ያለው ዘመድሽ መብራቱን ወይም መስተዋቱን ፈልጎ አያገኝልሽም።

ገዢዋ፦ ስለዚህ ለኤሌክትሪኩ ዝርዝር የፊት መስተዋት፣ የፊት መብራት፣ ጎማ፣ ሾክ፣ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ፣ የቻርጅ መሰኪያው…

መካኒኩ፦ ትልቁን ባትሪ ከፍቶ አንዱን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚቀይር ባለሙያ ከተማው ውስጥ ማን እንዳለም ጨምሪ። ስሙን የሚነግርሽ ሻጭ ካገኘሽ ከእሱ ጋር ተነጋገሪ። «አይበላሽም» የሚልሽን አመስግነሽ ውጪ። ለኤሌክትሪክ የሚበቃ ገንዘብ አለሽ?

ገዢዋ፦ አሁን የለኝም። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ የሚሰጠኝ ተጨምሮ ቪትዙ ላይ ነው የሚያደርሰኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጎልፉን የወደድኩት በ250 ሺሁ እፎይ እላለሁ ብዬ ነው።

መካኒኩ፦ እፎይታሽን የምታገኚው ልዩነቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ከተረፈሽ ነው። እስቲ ደብተርሽን አውጪ። በአንድ ወገን ቪትዝ፣ በአንድ ወገን ጎልፍ። መግዣውን ጻፊ። ከስሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚቀየረውን፣ ከዚያ የሦስት ዓመቱን ዘይትና ፊልትሮ ስድስት ጊዜ፣ ሸራና ጎማ አንድ ጊዜ። ለጎልፉ ቺንጋ። ለሁለቱም አንድ ሾክና አንድ ፍሪሲዮን። የሚቆሙበትን ቀን በሜትር ታክሲ ሂሳብ። መጨረሻ ላይ በሦስት ዓመቱ ስትሸጪው የምታገኚውን ቀንሺ።

ገዢዋ፦ ያንን አላሰብኩም ነበር። ቪትዙ ሲሸጥ ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ ጎልፉ ግን የዛሬው ቅናሽ ያኔም ይጠብቀኛል።

መካኒኩ፦ ዛሬ አንቺን የጠቀመሽ ቅናሽ ነገ ገዢሽን ይጠቅማል። ገዢ ለማግኘትም ትቆያለሽ፤ ደላላው ያኔ የሚነግርሽ ሌላ ነው።

ገዢዋ፦ በዚህ ሁሉ ደምሬ ጎልፉ ቢያሸንፍስ? የሻጩ ደረሰኝ ተሟልቶ፣ ቺንጋው ተቀይሮ፣ ዕቃውም ሦስት አራት ሱቅ ቢገኝ?

መካኒኩ፦ እሱን ግዢዋ! ቪትዝ ግዢ አላልኩሽም። ቁጥሩ ጎልፉን ካለሽ እኔ ራሴ እፈትሽልሻለሁ፣ ከገዛሽም በኋላ እሠራልሻለሁ። የማልፈልገው ዋጋውን ሳታውቂ መግባትሽን ነው።

ገዢዋ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ። ደላላው ግን እስከ ዓርብ ቀብድ ካልከፈልሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል ብሎኛል።

መካኒኩ፦ ይውሰደው። ከቻልሽ ሐሙስ ከሥራ ስትወጪ ሂጂና የቺንጋውን፣ የፍሪሲዮኑንና የመብራቱን ዋጋ ብቻ ጠይቂ፤ በእነዚህ በሦስቱ ብዙ ነገር ይለያል። የቀረውን ቅዳሜ ትጨርሺዋለሽ።

ገዢዋ፦ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ፎቶ ላይ ልገለብጠው? ደላላው ልኮልኛል።

መካኒኩ፦ ከሊብሬው ገልብጪ፣ ግን መኪናው ላይ የተመታውንም ራስሽ አንብበሽ ሆሄ በሆሄ አስተያዪው። ሁለቱ ካልገጠሙ የዕቃ ዋጋ ለመጠየቅ ሶማሌ ተራ ድረስ አትድከሚ።